አንድ ቁጥር አርሲ ነገሌ

አዳማ፣ ጎህ ሲቀድ

ባለቤቴ ሳባ ቀድማኝ መኪናው ውስጥ ገብታ ክላክስ ታደርጋለች። ጎረቤት ሳትቀሰቅስ ልውጣ ብዬ እሮጣለሁ። ኋላ ወንበር ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ሬዲዮ አለ። ሙዚቃ የሚሰማበት አይደለም፤ እኛ ፈቃድ ያለን አማተሮች ከመኪናችን ሆነን እርስ በርስ የምናወራበት ነው።

የሚሄደው አርሲ ነገሌ፣ ለጋሽ ከድር ነው። ጋሽ ከድር የእህል ነጋዴ ናቸው። በዚህ መስመር ካለን አማተሮች የእሳቸውን ያህል የሚያወራም፣ የሚሳደብም፣ የሚያስቅም አልነበረም። ዓምና ስኳር ዓይናቸውን ወሰደውና ከሬዲዮ ጠፉ። የድሮውንም ለሰው ሰጡት።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው የደወሉልኝ። "ልጄ፣ 'የማላየው ዕቃ ምን ያደርግልኛል' ይላል። ቀኑን ሙሉ ዝም! በመከራ 'አንድ ጊዜ እሞክራለሁ' አስብዬዋለሁ። አልሆን ካለው ግን በቃ፣ ደግሜ አላነሳበትም።"

አንድ ጊዜ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ቻናሎቹን እንደ ሙሽራ ቤት አሰማምሬያቸዋለሁ። ሬዲዮው በየከተማው ያሉትን ጓደኞቻችንን ሞገድ በተራ ቁጥር ይይዛል፤ ማዞሪያውን ቀጭ ሲያደርጉት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ስም ጽፌለታለሁ። ኧረ በስሙ ስንጨቃጨቅ የሰነበትነውን ሳባ ትንገራችሁ!

ባቱ፣ ረፋድ ላይ

ሞጆን በከባድ መኪና ጭራ ላይ ተለጥፈን አለፍን። መቂ ላይ ሽንኩርት በከረጢት፣ ቲማቲም በሳጥን፣ ፓፓያ በክምር። ሳባ "ስንመለስ" ብላ ምላልኝ ነበር፤ ግን አስቆመችኝ፤ መኪናው ግማሹ ቲማቲም ሆነ።

ባቱ ሐይቁ ዳር አሳ ጥብስ አዘናል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ግቢ ዘበኛ ዙሪያችንን ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። ጭቅጭቁ እዚህም ተነሳ።

"ባቱ ብለህ መጻፍህ ልክ አይደለም" አለች ሳባ። "ጋሽ ከድር ዕድሜ ልካቸውን ዝዋይ ሲሉ ነው የኖሩት። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ግራ ይገባቸዋል።"

"ሳያዩት አይቀሩም፣ ይለምዱታል" አልኳት።

አሳውን ያመጣችልንን ልጅ ዳኚን አልናት። "ሁለቱም ነው" አለች እየሳቀች። "አሳው ግን ያው አንድ ነው።"

ላንጋኖ፣ እኩለ ቀን

ታደለ የሆቴል ጄኔሬተር ሠራተኛና አማተር ነው። ውሃው እንደ ሻይ በወተት ቀልቷል፤ ነፋሱ አንቴናውን ያወዛውዘዋል። ዛሬ ጋሽ ከድር የሚጠሩት እሱን ነው።

"ሬዲዮዬን ከፍቼ እጠብቃለሁ" አለኝ። "እሳቸው ከጠፉ ወዲህ እኮ የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ!"

አርሲ ነገሌ፣ ከሰዓት በኋላ

የገበያ ቀን ነው። ጋሪው፣ ስንዴው፣ በቆሎው፣ "አካም ጅርቱ?" እየተባባለ የሚተቃቀፈው ሰው፤ መንገድ የለም። ጋሽ ከድር ግቢ ውስጥ በቆመው አይሱዙ ጋቢና ተቀምጠው ጠበቁን። አሁንም ከጭነቱ ጋር ይጓዛሉ፤ የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። ሬዲዮውን ከጉልበታቸው አጠገብ ገጠምኩላቸው።

"እሺ፣ አሳየኝ" አሉ ቅዝቅዝ ባለ ድምፅ። "የቱ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

"ቀላል ነው፣ ስክሪኑ ላይ..." ብዬ ቆምኩ።

ሳባ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ስክሪኑ ላይ ምን?"

"ስም ጽፌበት ነበር ጋሼ" አልኩ። "ባቱ ብዬ። ሳባ ደግሞ ዝዋይ ካልተባለ ብላ..."

"ለኔ? ለዕውሩ? በስም ተጣላችሁ?" ጋሽ ከድር ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እትዬ ዘይነባ "ያ ረቢ፣ ሳቀ!" ብለው ከደጅ እየሮጡ መጡ።

ከዚያ ላፕቶፔን ጆንያ ላይ ዘርግቼ፣ ከሬዲዮው ጋር አገናኝቼ ቻናሎቹን እንደገና መደርደር ጀመርን። እኔ ከአዳማ ነበር የደረደርኩት። "የምነሳው ከቤቴ ነው ወይስ ካንተ ቤት?" ብለው ጮሁብኝ። "አንድ ቁጥር አርሲ ነገሌ! ቀጥሎ ላንጋኖ፣ ቀጥሎ ዝዋይ፣ እያለ እስከ ናዝሬት። መንገዱን እኮ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ እቆጥረዋለሁ።" ከዚህ መንገድ ውጪ ያለውን ቻናል ሁሉ አጠፋሁት። ማይኩ ላይ ደግሞ ከየትም ቢሆን ወደ አንድ ቁጥር የምትመልስ ቁልፍ አበጀሁና በጣት እንድትለይ ሙጫ ጠብ አደረግኩባት።

ቀጭ ቀጭ። በአማተሮች ዘንድ የሚታወቁበትን የጥሪ ምልክት ተናገሩ። "ታደለ፣ ትሰማኛለህ?"

ጭጭ። ደገሙ። ሹሹሹ ብቻ። ፊታቸው ጠቆረ፤ ማይኩን ወደ እኔ ዘረጉ። "በቃ ልጄ። ሞከርኩልህ።"

እትዬ ዘይነባ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ስክሪኑን አያለሁ፤ ሁለቴ ቀጭ አድርገዋል፣ ላንጋኖን አልፈው ዝዋይ ላይ ናቸው። ልናገር ስል ሳባ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ማይኩን መልሰው ሳቡት። አውራ ጣታቸው ሙጫዋን ፈለገች፣ ተጫነቻት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንድ ቀጭ። "ታደለ! አንተ ሰነፍ፣ ተኝተህ ነው?"

"ጋሽ ከድር!" ጋቢናው በታደለ ጩኸት ተሞላ። "ይስደቡኝ! ይድገሙልኝ!"

ሳባ አለቀሰች፤ እኔም ደህና አልነበርኩም። ጋሽ ከድር ግን እኛ መኖራችንንም ረስተዋል። ስለ ስንዴው፣ ስለ ዝናቡ አወሩለት፤ ለስንፍናውማ የስድብ መዓት አወረዱበት። ልንሰናበታቸው ብንጠብቅ በእጃቸው ገፋ አደረጉን። "በሩን ዝጉልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

ወደ አዳማ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ

ላንጋኖ ስንደርስ ወሬው አላለቀም። እንግዲህ ድምፃቸው ሳይርቀን ብዬ በራሴ ሬዲዮ መሃል ገባሁ። "ጋሽ ከድር፣ ደህና ይሁኑ፣ እኛ ሄድን!"

"ማነህ አንተ?" አሉ ጋሽ ከድር። "ሰው እያወራ ነው፤ ወረፋ ያዝ!"