ሲፒዩ ብዬ የጻፍኩ ቀን

ኮምፒውተር ያስፈለገኝ የአባቴ ዓይን ጨርሶ ከመጥፋቱ ለመቅደም ነበር። አባቴ ቦንጋ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ጡረታ እስኪወጣም፣ ከወጣም በኋላ፣ የከፋን ሕዝብ ቋንቋ፣ የካፊኖኖን፣ ቃላት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ከማንኪራና ከጌሻ ሽማግሌዎች አፍ እየለቀመ አሥራ አንድ ደብተር ሞልቷል፤ ስለ ንብና ስለ ማር ብቻ ሁለት። የጻፈው በግዕዝ ፊደል፣ በእርሳስ ነው። ፊደሉ ያልበቃውን ድምፅ በራሱ ምልክት ሞላው፤ ለሚረዝመው ሰረዝ፣ ለሚጠብቀው ነጥብ፣ ሌላም እሱ ብቻ የሚያውቀው ጭረት። ጅማ ያየው የዓይን ሐኪም፣ ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን እንጂ የሄደው አይመለስም ሲለን፣ እዚያው ወሰንኩ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ያነባል፣ እኔ እተይባለሁ።

በየቢሮው የቢፒአር፣ የአሠራር ለውጥ፣ ስልጠና የሚሰጥበት ሰሞን ነው። እኔ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ በክረምት ደግሞ የሁለት ሳምንት የኮምፒውተር ጥገና ኮርስ ወስጃለሁ። ሁለት ሳምንት። ከዚያ ወዲህ የተገጣጠመ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ሁሉ ሰነፍ ይመስለኝ ጀመር። ራሙ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይብቃ ወይስ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ይሁን፣ ፓወር ሰፕላዩ የቦንጋን መብራት መዋዠቅ ይችለው ይሆን እያልኩ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳተላይት ልታመጥቅ ነው ወይ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እናቴ አንድ ቀን ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «እስክሪብቶ ጠፋ እንዴ? እሱ ያንብብ፣ አንተ ጻፍ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ዘመኑ የእስክሪብቶ አይደለም» አልኳት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዝርዝሩን ሸቀጥ ሊያመጣ መርካቶ ለሚወርድ የወሎ ሰው ነጋዴ ሰጠሁት። ሲመለስ ሱቁ ሄጄ ካርቶኑን ስከፍት ማዘርቦርዱ አለ፣ ራሙ አለ፣ ሃርድ ዲስኩ አለ፤ ከሥራቸው ሁለት ባዶ የቆርቆሮ ሣጥን።

«ፕሮሰሰሩስ?» አልኩት።

ዝርዝሬን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። «መምህር፣ ኬዝ ብለሃል፣ ይኸው ኬዝ። ሲፒዩ ብለሃል፣ ይኸው ሲፒዩ። ሻጩማ ሁለት ምን ያደርግለታል ብሎኝ ነበር። መምህር ያለ ምክንያት አይጽፍም አልኩት።»

በእኛ አገር ከጸሐፊዋ እስከ ኃላፊው ሲፒዩ የሚባለው ሣጥኑ ነው። መብራት ሊሄድ ሲል «ሲፒዩውን አጥፊው» ይባላል። እኔም ኮርስ እስክገባ ድረስ እንዲያ ነበር የምለው። ኮርስ ላይ ግን ትክክለኛው ሲፒዩ ያቺ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ፕሮሰሰር መሆኗን ተማርኩ፣ ተማርኩና ትክክለኛውን ጻፍኩ። ነጋዴው ምንም አላጠፋም።

ቀጣዩ ጉዞው ክረምት ውስጥ ገባ፣ መንገዱም በጭቃ ተያዘ። በመስከረም የመጣው ፕሮሰሰር እግሮቹ ከማዘርቦርዱ ጋር አልገጥም አሉ፤ እሱንም ስመርጥ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ሌላ እስኪመጣ ወራት ሄደ። በነዚያ ወራት አባቴ ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ደብተሩን ከአፍንጫው አስጠግቶ ገና ያነብ ነበር። መቼ ነው የምንጀምረው ይለኛል። ዕቃ እየጠበቅሁ ነው እለዋለሁ።

በጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩ ጢጥ ብሎ ተነሣ። አባቴ ኮቱን ለብሶ እንደ ቢሮ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ደብተር ገልጦ ወደ መስኮቱ አዞረው፣ አቀረበው፣ አራቀው። ከዚያ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አንተ አንብብልኝ፣ እኔ አርምሃለሁ።»

እርሳሱ ደብዝዟል። ነጥብ ይሁን የዝንብ ኩስ የማይለይ ነገር ከየፊደሉ በላይ ተበትኗል። እንደመሰለኝ አነበብኩ። አይደለም አለኝ። አስረዝሜ አነበብኩ። አይደለም። አጥብቄ ሞከርኩ።

«እንዲህ የሚባል ቃል የለም» አለ።

«ታዲያ ምን ነበር?»

ራሱን ዘንበል አድርጎ ብዙ አሰበ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ቃሉን የነገሩት ሽማግሌ ከሞቱ ቆይተዋል። ስክሪኑ ላይ ባዶ ገጽ ተከፍቶ ይጠብቀናል።

«እንዳልረሳው ብዬ ነበር እኮ የጻፍኩት፣ ልጄ» አለኝ።