የእናቴ የወጥ ቤት ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለአዲሱ ወጥ ቤቷ መሥሪያ ጠረጴዛ የሚነጠፍ ድንጋይ እንምረጥ ብላ ደብረ ብርሃን አንድ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ግራናይቱ፣ እምነ በረዱ፣ እንጨት የሚመስለው ፎርማይካ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሻጩ በእያንዳንዱ ላይ ውኃ ጠብ እያደረገ «እድፍ አይዝም፣ ሙቀት አይፈራም» ይላል። ልጄ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትል ረፋዱ አለቀ። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ያለው ምርጫ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ወጣት ሳለሁ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት አልፎት ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ሞላሌ አጠገብ ወላጆቼ ቤት ተመልሻለሁ። በዚያ ክረምት እናቴ ወገቧን ታመመች። የጤና ጣቢያው ሰው «ከእንግዲህ ጎንበስ እንዳይሉ» አላት። መናገር ቀላል ነው። የኛ ወጥ ቤት ሥራ ሁሉ መሬት ላይ ነበር፤ ሽንኩርት የሚከተፈውም ዕቃ የሚታጠበውም። ለእናቴ ደግሞ ጓዳዋን ለሌላ ሰው መልቀቅ የሞት ያህል ነው። እኔ የሠራሁትን ወጥ ትቀምስና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ፈራሁላት።

ስለዚህ ከተማ ያየሁትን ዓይነት፣ ቆመው የሚሠሩበት ከፍ ያለ ነገር እናብጅላት አልኩ። ወንድሜ በሲሚንቶ ይሁን፣ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ጣራ ጭኜ አመጣለሁ አለ። በዚያ ዝናብ ሲሚንቶው መንገድ ላይ ጠጥሮ እንደሚደርስ ከእሱ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ የባሕር ዛፍ ጣውላ መረጠ።

«ጣውላ ቅቤ ይጠጣል» አለች እናቴ ከተኛችበት። «በጾም ወጤ ላይ የፍስክ ሽታ አላመጣም።»

ድንጋይ ብቻ ቀረ። አባቴና ወንድሜ ከገደሉ አፋፍ ሰፊና ስስ ጥቁር ድንጋይ አግኝተው በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ቃሬዛ ያየ ሁሉ «ማን ታመመ?» እያለ ከቤቱ ይወጣል። አባቴ «የሺ» ብሎ የእናቴን ስም ይጠራል፤ ውሸትም አልነበረም። ዳርና ዳሩን በሁለት ካብ ላይ አሳርፈው አጋደሙት።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። በኛ ደብር ቅዳሴ ሲያልቅ ይደወላል፤ ቤት የቀረ ሰው ያን ሰምቶ ነው እህል የሚቀምሰው። ደወሉ ደግሞ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እናቴ በመጀመሪያው ቀን አዲሱ ድንጋይዋ ላይ ነጭ ሽንኩርት በአሎሎ ስትቀጠቅጥ ድንጋዩ ጮኸ። ጥርት ያለ፣ ከሸለቆው ማዶ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሁለታችንም ደነገጥን፤ ከዚያ ሳቅን። ደስ ብሏት ደጋግማ መታችው።

ጥቂት ቆይቶ እውነተኛው ደወል ተደወለ። ወዲያው ጎረቤታችን አያ ደምሴ አፋቸውን እየጠረጉ መጡ።

«የሺ፣ ምን በድዬሽ ነው ጾሜን ያስገደፍሽኝ? በልቼ እጄን ስታጠብ እኮ ነው ደወሉ የተሰማው!»

እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ መንደሩ እኩሌታው በልቷል።

በማግስቱ የደብራችን ቄስ መምሬ ኃይሌ መጡ። ቁጣ ስንጠብቅ፣ በመቋሚያቸው ጫፍ ድንጋዩን መታ አድርገው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«የኛው ከተሰነጠቀ ቆይቷል» አሉ። «የሺ፣ ልጄ፣ ይህ ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ ነው። ስጪን፤ በረከቱ ለራስሽ ነው።»

አባቴ ቃሬዛውን ሊያመጣ ተነሣ። በኛ ቤት ቄስ የጠየቀው ነገር ተከልክሎ አያውቅም። እናቴ ግን እጇን ድንጋዩ ላይ እንዳሳረፈች ቀጥ ብላ ቆማለች።

«አይሆንም፣ መምሬ» አለች። «ለቤተ ክርስቲያን ሰስቼ አውቃለሁ? የዝክሩን ጠላ፣ የበዓሉን ዳቦ ያሰናዳሁት በዚህ ወገብ ነው። ወገቤን ለዚያው ጨርሻለሁ። ይህን ለእኔ ይተዉልኝ።»

አባቴ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። መምሬ ኃይሌ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት።

«እንግዲያው ድምፁን አጥፉልን» ብቻ አሉ።

አባቴ በዚያው ቀን በካቦቹና በድንጋዩ መካከል ጭቃ ጠቀጠቀበት። ክረምቱ ሲያልፍ ለደብሩ ሌላ ድንጋይ ፈልጎ ወሰደ፤ ድምፁ ያን ያህል አልነበረም ይባላል። የእናቴ ወገብ ጨርሶ አልዳነም። ግን እስክታረጅ ድረስ ቆማ ወጧን ራሷ ሠራች።

«እማ፣ የቱ ይሻላል?» ብላ ልጄ ከሐሳቤ መለሰችኝ።

«መጀመሪያ ቁመቱን ለወገብሽ አስለኪ» አልኳት። ሻጩ ሳቀ። እኔ ግን እናቴ ናፍቃኝ ነበር። ጉልበቷንም እንቅልፏንም ለሰው ስታድል የኖረች ሴት ለራሷ ያስቀረችው ያን ድንጋይ ብቻ ነው። እንኳንም አልሰጠችው።