የደንዲ ነጭ ጭቃ

ለንሳ የጉደር ልጅ ናት። አምቦ ውስጥ ለአንድ የጥናት ቡድን የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆና ስድስት ዓመት ሠርታለች። በ2010 ዓ.ም. ቡድኑ ከደንዲ ሐይቅ ሥር በረጅም ቧንቧ ጭቃ አውጥቶ መጣ። ጭቃው ዘመን በዘመን ላይ ተደራርቦ የተኛ ነው፤ በየሳንቲሜትሩ ቆርጠው ሲመረምሩት የጥንቱን ዝናብና ድርቅ ያሳያል። ቆራጯም መርማሪዋም ለንሳ ነበረች።

ሰማንያ ሁለተኛው ናሙና ላይ አሲድ ጠብ ስታደርግ ጭቃው አረፋ ደፈቀ። ቀጥለው ያሉት ሦስቱም እንዲሁ። ኖራ አለበት ማለት ነው። ሐይቁ በድርቅ ሲጎድል በውኃው ውስጥ የሟሟው ኖራ ወደ ሥር ይዘቅጣል።

የቡድኑ መሪ ዶክተር ታምራት የውጤቱን ሰንጠረዥ አይቶ ፊቱን ቋጠረ።

«እነዚህን አራቱን አውጫቸው። ዕቃውን በቧንቧ ውኃ አጥበሽው ነው። የአምቦ ውኃ ማንቆርቆሪያን እንዴት ኖራ እንደሚያስይዝ ታውቂያለሽ።»

«በተጣራ ውኃ ነው ያጠብኩት፣ ዶክተር። ሦስት ጊዜ ደግሜ ለክቼዋለሁ።»

«ሌሎቹ ሐይቆች ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።»

«እኔ የለካሁት ደንዲን ነው። አላወጣም።»

«እኔ አወጣዋለሁ።»

«ያውጡት። እኔ ግን አልፈርምበትም።»

ከዚያ በኋላ ባልደረቦቿ ሸሿት። በክረምቱ ዝናብ ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ሳምንት የዓመት ፈቃዷን ወሰደችና ቧንቧ ይዛ በጊንጪ በኩል ወደ ደንዲ ወጣች። ጀልባ ያላቸውን ኦቦ ነገራን አገኘች።

«ቡድናችን ባለፈው ካወጣበት ራቅ ካለ ቦታ ጭቃ እፈልጋለሁ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ሳቁና ጀልባቸውን ገፉ። ሁለት ቀን ሙሉ ቧንቧው ባዶውን ወጣ። እጇ ውኃ ቋጠረ፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን ሞልቶ ወጣ። ዳር ላይ ሰንጥቃ ስትከፍተው ጥቁሩን ጭቃ መሃል ለመሃል ነጭ መስመር አቋርጦታል። ጮኸች፤ ኦቦ ነገራ እባብ የነደፋት መስሏቸው ወደ እሷ ሮጡ።

ሰኞ ጠዋት ጭቃውን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን እርስዎ ይለኩት። በራስዎ ውኃ፣ በራስዎ እጅ።»

ዶክተሩ ሁለት ቀን ለካ። ጭቃው አረፋ ደፈቀ። አራቱን ቁጥሮች መልሶ አስገባ።

የጥናቱ ጽሑፍ ሲረቀቅ ስሟ መጨረሻ ላይ፣ ከሚመሰገኑት ሾፌሮች ጋር ሰፍሮ አገኘችው። ተመልሳ ዶክተሩ ዘንድ ገባች።

«እዚህ ቦታ ኦቦ ነገራን ያስገቡ። እኔን ከጸሐፊዎቹ ጋር።»

«ለንሳ፣ አሁንስ አበዛሽው!»

«አላበዛሁም። ድርቁን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ጽሑፉ በዓመቱ ሲታተም ስሟ በሦስተኛነት ወጣ። ይቅርታ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልጠበቀችም።