ለማሳደግ የሚሆን ፎቶ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ «ጴጥሮስ ፎቶ ቤት» የሚል ቀለሙ የለቀቀ ሰሌዳ ነበረ። ባለቤቱ ጴጥሮስ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው፤ የሚኖረውም ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ በጓዳ በር በሚገናኝ ቤት ነው። በሰፈሩ መታወቂያ ያለው ሰው ሁሉ ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ዱካው ላይ ተቀምጦ ትእዛዙን ሰምቷል። «ቀና በል። አገጭህን ዝቅ አድርግ። እንዳትተነፍስ።» የሚስቅ ሰው ከገጠመው እጁን ከካሜራው ላይ አንስቶ ሳቁ እስኪያልቅለት ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። በፊልም ዘመን ያደገ ባለሙያ ነውና ሳቅ ለእሱ የተቃጠለ ፊልም ማለት ነበር። በዚህ የተነሳ የጌጃ ሰፈር ሰው በፎቶው ላይ ሁሉ ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስላል።

ስሙን ያስጠራው ግን የመታወቂያ ፎቶ አይደለም፤ የሟች ፎቶ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከመሳቢያ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ይዞለት ይመጣል። ጴጥሮስ ያሳድገዋል፣ ክፈፍ ውስጥ ያስገባዋል፣ ከዚያ ፎቶው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ይቆማል፤ አልቃሿም ታቅፋው ታለቅሳለች። ደብዛዛ ፎቶ ሲያድግ ፊት እንደሚበተን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የልጇን ፎቶ ትክ ብላ ካየች በኋላ ክፈፉን በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችው። «ይሄ ልጄ አይደለም» አለችው፣ ሳትቆጣ። ልጇ ነበረ። ጴጥሮስ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ከዚያ ወዲህም ደብዛዛ ፎቶ ሲመጣለት ሌላ ፈልጉ ብሎ ይመልስ ነበር።

ሚስቱ ፀሐይቱ የእሱ ተቃራኒ ነበረች። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ቤቱን የሞላችው እሷ ናት። ሰው አስመስላ ማውራት ትችልበታለች። የዕድሩን ዳኛ ጉሮሮ አጠራረግ፣ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ማስነጠስ፣ የገዛ ባሏን «እንዳትተነፍስ» ሳይቀር ቁጭ ታደርገዋለች። ስትስቅ ራሷን ወደኋላ ጥላ ጭኗን በመዳፏ ትመታለች። ያን ሳቅ ሰምቶ በደጅ የሚያልፍ ሰው እንግዳ የመጣላቸው ይመስለው ነበር። ጴጥሮስ በአፉ «ኧረ ቀስ በይ» ይበል እንጂ፣ ሥራ ሲጨርስ ከጓዳው በር ውጪ ቆሞ ሳቋን የሚያዳምጥበት ጊዜ እንደነበረ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ ፀሐይቱን ጎኗን ይወጋት ጀመር። መጀመሪያ ብርድ ነው አለች። ሰውነቷ ሲቀንስ ሐኪም ቤት ሄዱ። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ እሷን ውጪ አስቀምጦ ባሏን ለብቻው አስገባው። ነቀርሳ ነው፤ ጉበቷን ይዞታል፤ የቀራት ጊዜ አጭር ነው አለው። ይህ እንግዲህ የኛ ወግ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛ አይነገርም፤ ዘመድ ይሸከመዋል፣ በሽተኛው ፊት ደግሞ ጥርስ ነክሶ ይስቃል። ጴጥሮስ መሳቅ የማያውቅበት ሰው ስለሆነ የሐኪሙን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ወጣ።

«ምን አሉ?» አለችው ታክሲ ውስጥ።

«ጨጓራ ነው። በርበሬ ተይ ተብለሻል።»

«በርበሬ ካልበላሁማ ለምን እኖራለሁ!» ብላ ሳቀች፣ ረዳቱም አብሯት ሳቀ። ጴጥሮስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ይህ ሳቅ ሊጠፋ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳው። በፎቶ ቤቱ ስንት ሺህ ፊት አልፎ፣ ሚስቱ የምትስቅበት አንድ ፎቶ እንኳ የለውም። ያሉት የሠርጋቸው ፎቶና መታወቂያዋ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ እሱ ራሱ እንዳስተማራት አፏን ገጥማ ተቀምጣለች። ሳትሞት ያችኑ የምትስቀውን ፀሐይቱን በፎቶ ሊያስቀር ቆረጠ።

ፊልም የሚያጥብለት ቤት ሥራውን ስለተወ የድሮ ካሜራው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ግቢ የሚጋሩት ነጋዴ ሁመድ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ይመላለስ ስለነበር ዲጂታል እንዲያመጣለት ነገረው። ሁመድም አንድ ሳይሆን ሁለት ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረለት።

«ይሄኛው ካሜራ ነው፣ ይቺ ደግሞ የካሜራ ጫጩት ናት» አለ። «ዋጋቸው አይለያይም፤ አንዱን ይምረጡ ጋሽ ጴጥሮስ። የተረፈው አላህ ያለለት ይወስደዋል።»

ትልቁ ጥቁር፣ ከባድ፣ ረጅም ሌንስ ያለው፣ ሰው የሠራበትና ጠርዙ የተላጠ ነበር። ትንሿ አዲስ፣ ብርማ፣ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገብታ የማትታወቅ ናት። ፀሐይቱ ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጣችና ትንሿን አነሳች። ማንንም ሳትጠይቅ ቁልፉን ተጫነች። የሁመድን ጆሮና የበሩን ግማሽ አንስታ ስታየው ጊዜ እንደለመደችው ራሷን ወደኋላ ጣለች።

«ይቺን ውሰድ ጴጥሮስ! እኔ እንኳ ባለሙያ ሆንኩባት። በል እስኪ አሁን እኔን አንሳኝ» ብላ ካሜራዋን እጁ ላይ አኖረችለት። እየሳቀች ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ እሷም እሷው ናት።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይመረጥ» አለ ጴጥሮስ፣ መልሶም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

ሁመድ የጥራት ቁጥሯ ይበልጣል ብሎ ለትንሿ ተከራከረ። ጴጥሮስ ግን የሁለቱን ሌንስ አስተያየ፤ የአንዱ ዓይን የብርጭቆ አፍ ያህላል፣ የሌላዋ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል። በዚህች የተነሳ ፎቶ ሲያድግ ምን እንደሚመስል አሰበ። በዚያ ሐሳብ ውስጥ ድንኳን ነበረ። ሚስቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ስትስቅ እሱ በልቡ ክፈፍ እየለካላት ነው፤ ይህን በራሱ ላይ ሲያውቅበት ከሐፍረት ብዛት ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። ቢሆንም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያቺ ልጇን ያላወቀች እናት ከዓይኑ አልጠፋ አለች። የፀሐይቱ ፊት አይበተንም ብሎ ትልቁን ያዘ።

«ሠርግ ላይ ጫጩቷን ይዤ ብሄድ ሚዜዎቹ ከበር ይመልሱኛል» አለ ለሰበብ።

«እንግዲህ አንገትህ ይቻለው» አለች ፀሐይቱ። ዓይኗ ግን ከትልቁ ካሜራ ወደ ባሏ ፊት ሄዶ ጥቂት ቆየ።

እሁድ ረፋድ ላይ ደጃፉ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች፣ ለጎረቤት የዕድሩን ዳኛ እያስመሰለች ስታወራ ጴጥሮስ ካሜራውን ይዞ ወጣ። ያን የመሰለ ነገር መደበቅ አይቻልም። ገና ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋው አየችው።

«እንዴ! በዚህ ልብስ?» ብላ ተነሳች። ተመልሳ ስትመጣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፀጉሯን ውሃ ነክታ ነበር። ፏፏቴው ፊት ዱካው ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ አገጯን ዝቅ አደረገች፣ አፏን ገጠመች።

ነገሩ ከዚያ ወዲህ ሁሌም እንዲሁ ሆነ። ቡና ስታፈላ፣ ምስር ስትለቅም፣ ከሁመድ ጋር ስትቀላለድ ካሜራው ብቅ ካለ ፀሐይቱ ትነሳለች፣ ትቀይራለች፣ ትቀመጣለች። ቀሚሱ እየሰፋት ሄደ። ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ከፊት ልክ ይመስል ነበር።

«ወጣሁ?» ትለዋለች።

«ወጥተሻል።»

«ጥርት ብያለሁ?»

«ጥርት ብለሻል።»

አንድ ቀን ጨክኖ «እስኪ ሳቂ» አላት። ፀሐይቱ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ነህ ሳቂ የምትለኝ? ምን ሆነሃል?» አለች፣ ዓይኗም ፊቱን መረመረው። ጴጥሮስ ደነገጠ። ዕድሜውን ሁሉ ሰው እንዳይስቅ የከለከለ ሰው ድንገት ሳቂ ቢል፣ ጨጓራ ብቻ አለመሆኑ ይታወቅበታል። «ለቀልድ ነው» ብሎ ጠቅ አደረገ። ዳግመኛ አልጠየቃትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በመጨረሻ ሁመድ ዘንድ ሄዶ ስለ ትንሿ ካሜራ ጠየቀ። ተሸጣለች። ሁመድ ሰውየውን ትክ ብሎ አየና፣ ነገሩ ስለገባው መሰለኝ፣ «በሚቀጥለው ጉዞ የመጀመሪያ ሥራዬ እሷ ናት ጋሽ ጴጥሮስ» አለው። ፀሐይቱ ግን የሁመድን ጉዞ አልጠበቀችም። በኅዳር ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ባሏ ትራሷን ሲያስተካክልላት አረፈች።

ፎቶውን ራሱ አሳደገው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። እንደ ሙያው ከሆነ እንከን አልነበረበትም፤ የቅንድቧ ፀጉር ይቆጠራል፣ የነጠላዋ ጥለት ይለያል። ድንኳኑ ውስጥ ሲቆም ለቀስተኛው ሁሉ «እንዴት ጥርት ብላ ወጥታለች!» አለ። እውነት ነው፣ ጥርት ብላለች። ጴጥሮስ ግን ቀና ብሎ ባያት ቁጥር የሰው ሚስት የሚያይ ይመስለው ነበር። ክፈፉን በሁለት እጁ ይዞ ለማን እንደሚመልሰው አያውቅም።

በሠልስቱ ዕለት ሰው ሳሳ ሲል የፀሐይቱ ታላቅ እህት፣ እትዬ ወርቅአፈራሁ፣ አጠገቡ መጥተው ተቀመጡ። እንባውን መቆጣጠር ሲያቅተው ሊያጽናኑት ፈለጉ።

«አይዞህ፣ እንደፈለገችው ሆኖላታል» አሉት ወደ ፎቶው እያዩ።

«ምኑ ነው እንደፈለገችው?»

«ታውቅ ነበር እኮ። ካሜራውን የገዛህ ዕለት ነው የነገረችኝ። ‹ጴጥሮስ ፎቶዬን ሊያሳድግ ነው፣ ምስኪን፣ ሊነግረኝ አልቻለም› አለችኝ። ‹የኔ ፊት እጁ ላይ ተበላሽቶ ሰው ፊት እንዳያፍር፣ ደህና አድርጌ ልነሳለት› አለች። ያን ቀሚስ በየጊዜው ከኋላ በመርፌ የያዝኩላት እኔ ነኝ። መቀመጥ ሲያቅታት እንኳ ደግፈሽ አድርሺኝና ዘወር በይ ትለኝ ነበር።»

ጴጥሮስ ከፎቶው ወደ እሳቸው ዞረ። «ለምን አልነገሩኝም?» አለ።

«አንተስ ነገርካት?» አሉት።

እሱ ሳቋን ፈልጎ ሳይነግራት ቀረ፤ እሷ ደግሞ ሳቋን ውጣ ለሥራው የሚመች ፊት ሰጠችው። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ሁለቱም የፈለጉትን ያገኙ ነበር። ጴጥሮስ ይህን ሲያስብ ከሐዘኑ ይልቅ ቁጭቱ አንገበገበው።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ብቻውን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ዱካው ላይ ተቀምጦ ካሜራውን ከፈተ። በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ፎቶዎቹን ከኋላ ወደ ፊት እያገላበጠ አያቸው። ፀሐይቱ ተቀምጣለች፣ ተቀምጣለች፣ ተቀምጣለች። በየመካከላቸው ግን ረስቷቸው የነበሩ ሌሎች ፎቶዎች አሉ። ልብስ ልትቀይር ስትነሳ፣ እሷ እስክትመለስ ብርሃኑን ለመለካት አንዴ ጠቅ የሚያደርግበት ልማድ ነበረው። አይቷቸው አያውቅም ነበር። ሁሉም ላይ ፀሐይቱ አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። በአንዱ የሽንኩርት ቢላዋው እጇ ላይ ነው። በአንዱ ሻሿ ተፈቷል። በአንዱ ለጎረቤቷ የጀመረችው ቀልድ ሳያልቅ ተነስታ ትከሻዋ ገና በሳቅ ይንቀጠቀጥ እንደነበረ ከደበዘዘው ጠርዝ ይታወቃል። በሁሉም ላይ ወደ ጓዳው በር እየሄደች ነው።

ይህች ናት። አንዴ እንኳ ከኋላዋ ሊጠራት ይችል ነበር። ካሜራውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘውና፣ ያን የሚያህል ሰው፣ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«ፀሐይቱ» አለ ወደ ጓዳው በር ዞሮ። «ግድ የለም፣ አትቀይሪ። በቤት ልብስሽ ነይ።»

ከዚያ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ጠበቀ።