የሕንድ ውቅያኖስና የእህቴ በርበሬ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ ጣና ነው። ይህ ስለ ውቅያኖስ ከመደስኮር አግዶኝ አያውቅም። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ አፍሪካን እሥላለሁ፤ ከጎኗ ቀስቶች እደረድራለሁ፤ ሞቃቱን ጅረት በቀይ ጠመኔ፣ ቀዝቃዛውን በሰማያዊ። ተማሪዎቼ ቀስቶቹን ይገለብጣሉ፤ እኔም እጄን አራግፌ እንደ ትልቅ ሰው እወጣለሁ። አሁን አሁን ያንን ሥዕል ስሥል የገዛ እጄ ይቀፈኛል።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ነው። አንድ ጠዋት ሬዲዮው ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊዘንብ ይችላል አለ። ምክንያቱንም ሲናገር የሕንድ ውቅያኖስ በእኛ በኩል ከወትሮው በላይ ሞቋል አለ። ይህን እኔ አውቀዋለሁ። በደህናው ዓመት ነፋሱ ሞቃቱን ውሃ እየገፋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እስያ ደሴቶች ይወስደዋል። አንዳንድ ዓመት ግን ነፋሱ ይለግማል። ያኔ ሞቃቱ ውሃ ወደ አፍሪካ ዳርቻ ይመለሳል፤ ከላዩ የሚነሣው እንፋሎት ደመና ሆኖ ወደ እኛ ይነዳል፤ ሰማዩ ጥርት ማለት በሚገባው ወር ዝናብ ይወርዳል። ስንት ዓመት ያስተማርሁትን ነገር ከሬዲዮ ስሰማ ደስ አለኝ። በሰው አዝመራ ላይ ዝናብ ሊወርድ ነው እየተባለ እኔ ደስ አለኝ! ከዚህ የባሰ አስቀያሚ ደስታ አላውቅም።

ታላቅ እህቴ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ትኖራለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት። በዚያ ዓመት ማሳዋን በሙሉ በርበሬ አድርጋው ነበር፤ በቆሎም ዳጉሳም አልዘራችም። በርበሬው ከጠፋ ዓመቱን የምትገፋበት ሌላ ምንም የላትም። ስለዚህ ደወልሁላት።

“እትዬ፣ የቀላውን ሁሉ ዛሬ ነገ ሳትዪ ልቀሚና ቤት አስገቢ። ዝናብ ሊመጣ ነው።”

“በኅዳር? ኧረ ሰማዩ እኮ ብርሌ መስሏል። ምነው ወንድሜ?”

“ባሕሩ ሞቋል” አልኋት።

“እንግዲህ አንተ ካልህ” አለችኝ።

እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ ከዚህ በኋላ ያልሁት ነው። የት ላኑረው ብትለኝ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተሽ፣ እርጥበት እንዳይገባበት አፉን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው አልኋት። ዝናቡም ሦስት አራት ቀን ቢሆን ነው አልሁ። ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። ሬዲዮው ቀን አልቆጠረም። ድምፄ ግን እንደ ክፍል ውስጥ ሆኖልኝ ነበርና ማቆም አልቻልሁም።

ለወትሮው የተለቀመ በርበሬ መሬት ላይ ይሰጣና እየተገላበጠ ፀሐይ እስኪያደርቀው ይከርማል። እህቴ ገና ያልደረቀውን ከስጡ ላይ አፈሰች፤ ተክሉ ላይ የቀረውንም ጎረቤት በወንፈል ጠርታ አስለቀመች። ሁሉንም ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቃ እንዳልኋት አሰረችው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሏት፤ እሳቸው ብቻ “ባሕር ወዴት፣ ቡሬ ወዴት!” ብለው ሳቁና የራሳቸውን በርበሬ ከተክሉ ላይ ተዉት።

ዝናቡ መጣ። በዚህስ አልተሳሳትሁም። ሁለት ሳምንት ያህል ሳያቋርጥ ወረደ፤ እኔም መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ “አላልሁም?” እያልሁ ሻይ እጠጣ ነበር። ፀሐይ በወጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ እህቴ ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር የሄድሁት ምስጋና ለመቀበል ነው።

በሩ ላይ ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። የበርበሬ ሽታ አይደለም። እርጥብ ጨርቅ ታስሮ ሲከርም እንደሚሸተው ያለ፣ ከሥሩ ግን ጉሮሮ የሚያቃጥል ክርፋት ነው። እህቴ ቤት ውስጥ ከከረጢቶቹ አጠገብ ቆማለች፤ ከፍታቸው አይታለች። አንዱን ራሴ ፈታሁ። እንደ ፍግ የሞቀ እንፋሎት ፊቴ ላይ ወጣ። እጄን ብከትበት ዛላው እየሟሸሸ በጣቶቼ መካከል ወጣ፤ ከላይ ነጭ ጸጉር አብቅሏል፣ ፍሬው ጠቁሯል፣ ከረጢቱ ሥር ዝልግልግ ያለ ቢጫ ውሃ አቁሯል። ትን አለኝ። ወደ ውጭ ሮጬ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። እርጥበት ከውጭ አልገባም፤ ከነእርጥበቱ ያሳሰርሁት እኔ ነኝ። ውሃ እንዴት እንደሚተን ለልጆች የማስተምር ሰውዬ!

“ተወው፣ አንተ መች ለክፉ ብለህ” አለችኝ እህቴ፣ ውሃ በጣሳ እያቀበለችኝ።

የሽማግሌው በርበሬ ዝናቡ ጥቂቱን አረገፈባቸው እንጂ ብዙው ተክሉ ላይ ታጥቦ ቆይቶ፣ ፀሐይ ስትመለስ ተለቅሞ ግቢያቸው ውስጥ ተሰጥቷል። ያንን ቀይ ስጥ አልፌ ስሄድ ቀና ብለው አዩኝ። “እንደምን ዋሉ፣ አባባ?” አልኋቸው። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህር” አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የእህቴን በርበሬ ዘረገፍነውና ፀሐይ ላይ ሰጣነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመለስ ደርቋል፤ ነጩ ጸጉር ዱቄት ሆኗል፤ ቀለሙ እንደ አሮጌ ቁስል ቡራቡሬ ሆኗል። ግቢው ውስጥ አንድ ነጋዴ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነ፤ እፍ ሲለው ዱቄቱ ቦነነ። ፊቱን እንኳ አላጨማደደም። እጁን ኮቱ ላይ ጠረገና፣

“ይኸ አይጣልም” አለ። “ጾም ገብቷል፣ በርበሬ ይፈለጋል። ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ ሲፈጭ ማን ይለየዋል?”

“ሰው ነው እኮ የሚበላው” አለች እህቴ።

“ሰው ያልበላው ምን አለ!”

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። “አንተ የተማርህ ነህ። ምን ትላለህ?”

አውቅ ነበር። ሻጋታው መርዝ እንደሚሆን፣ ወፍጮም እሳትም እንደማያጠፋው አውቅ ነበር። ነገር ግን ጣይው ብላት ቤቷን ባዶ ያደረገው የእኔ ምክር እዚያው ግቢ ውስጥ ተደፍቶ ሊታይ ነው። ቢሸጥ ግን ጥፋቴ ተፈጭቶ በማላውቀው ሰው ሁሉ ድስት ውስጥ ይበተናል፤ ከማን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ይህን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ነጋዴውን በልቤ እየተጸየፍሁ፣ ከእሱ ቀድሜ አፌን ከፈትሁ።

“ሽጪው” አልሁ።

ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ነጋዴው በርበሬውን በጋሪ ጭኖ ሄደ። እህቴ እጇን በአመድ ታጠበች፤ ደግማ በሳሙና ታጠበች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችውና እንደገና ታጠበች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ጭቃ በእንጨት እፍቅ ነበር፤ የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ልሄድ ስነሣ ቆይ ብላኝ ወደ ሽማግሌው ግቢ ገባች። ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፌስታል ውስጥ ገለበጠችልኝ። የተመረጠ፣ የሚያብረቀርቅ ዛላ በርበሬ ነው።

“ከአባባ ለምኜ ነው” አለች። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። “ይኸን ለልጆችህ ይዘህላቸው ሂድ። ዘንድሮ ከገበያ በርበሬ እንዳትገዙ።”

ተቀበልኋት። ዓመቱን ሙሉ እኔና ልጆቼ የበላነው እሱን ነው።