ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ሳፋ

አባቴ ቀጨኔ ውስጥ የተሰነጠቀ ጀሪካንና ሳፋ ይጠግናል። መሣሪያው ከሰል፣ አሮጌ ቢላና አንድ ጣሳ ውሃ ነው። ስንጥቁ ላይ የፕላስቲክ ቁራጭ በጋለ ቢላ ያቀልጣል። ነጩ ፕላስቲክ ሲቀልጥ ንጣቱ ይጠፋል። ያኔ ለራሱ "ጠራ" ይልና በቢላው ጀርባ ተጭኖ ወዲያው ውሃ ይደፋበታል። ሲረጋ መልሶ ይነጣል።

ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሳጠና የንጣቱን ምክንያት ተማርኩ። ፕላስቲክ ረጃጅም ሰንሰለቶች ነው፤ ሲቀልጥ ይተራመሳሉ፣ ሲቀዘቅዝ ከፊሎቹ እየታጠፉ ተደርድረው ክሪስታል ይሆናሉ፤ ብርሃን እየበተኑ የሚያነጡትም እነሱ ናቸው። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ክሪስታሎቹ ትልልቅ ይሆናሉ። እኔ ደግሞ የተደረደረ ነገር ሁሉ ጠንካራ ይመስለኛል። ቁም ሳጥኔን ያየ ያውቀዋል።

ለእረፍት በመጣሁበት ሳምንት፣ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር ጎረቤታችን ያላትን አንድ ሳፋ ለጥገና አመጣች። አባቴ ጣሳውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።

"አባዬ፣ ውሃ አታድርግበት። ጨርቅ አልብሰውና ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ እንደዛ ነው የሚጠነክረው።"

"እኔ እንኳን የለመድኩት እንዲህ ነው" አለ። ከዚያ ጣሳውን አስቀመጠ። "በቃ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

ጥገናው ከወትሮው የበለጠ ነጣ፣ ደረቅም አለ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ መጣች። ሳፋው ውሃ እንደያዘ ስታነሳው ጥገናው ላይ ለሁለት ተከፍሎ የሰው ልብስ ጭቃ ላይ ወድቋል።

"ጋሼ፣ እርስዎ የጠገኑት ተሰብሮ ያውቃል እንዴ?" አለች። አልተቆጣችም፤ ግራ ገብቷት ነው። ደጁ ላይ ሁለት ደንበኞች ተራ ይጠብቁ ነበር።

አባቴ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰው። "የኔ ጥፋት ነው" አላት። "እጄ አርጅቷል።"

እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ቤት ገብቼ ደብተሬን ስለ ክሪስታሎቹ የጻፍኩበት ላይ ገለጥኩ። የሚቀጥለው ገጽ ላይ በራሴ ጽሕፈት ተጽፏል፦ ክሪስታሎቹ ሲያድጉ አንዱን ከሌላው የሚያያይዙት ሰንሰለቶች ያንሳሉ፣ ፕላስቲኩም ይሰበራል። በፍጥነት የቀዘቀዘው ግን ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም።

አባቴ ሳፋውን እንደገና አቀለጠው፣ ውሃም ደፋበት። የቀለጠ ፕላስቲክ የቀድሞ አደራደሩን ይተዋል፤ እንደ አዲስ ነው የሚረጋው። ሳፋው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሰፈሩ ግን ቃሉን ያዘ። እጃቸው አርጅቷል እየተባለ ጀሪካኑ ሁሉ ወደ ታችኛው መንገድ ጠጋኝ ይሄዳል። አባቴ ከሰሉን አቀጣጥሎ ደጁ ላይ ይቀመጣል፣ ስልክ ስደውልለትም ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለአንድ ሰው እንኳን አልተናገርኩም። አፍራለሁ።