የአባዬ እጅና የላፕቶፑ ቀስት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ከሥራ ስመለስ አባዬ ላፕቶፑን ከድኖ ፎጣ አልብሶት አገኘሁት።

እኛ ቤት ፎጣ የለበሰ ዕቃ ሥራው አበቃ ማለት ነው። የእማዬ የስፌት መኪና እሷ ካረፈች ጀምሮ ፎጣ እንደለበሰች ናት።

«ምነው አባዬ... ካርታው አለቀ እንዴ?»

«ተይው ልጄ። እጄ ከድቶኛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ቀያሽ ነበር። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሁን ጡረታ ወጥቶ አዳማ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። በቅርቡ የድሮ ጎረቤቶቻችን ሊሰባሰቡ አሰቡና «የወንጂ ካምፑን ሰፈር አንተ ሣልልን፣ ሳንረሳው» አሉት። ግማሹ ቤት ዛሬ የለም። ማን ከማን አጠገብ እንደነበር፣ የውሃ ቦኖው የት እንደነበር፣ ሁሉም አባዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። እኔም አሮጌ ላፕቶፔን ሰጠሁትና ታችፓዱ ላይ በጣቱ እንዴት እንደሚሣል አሳየሁት።

ከዛ ግን መስመሩ ይዘልበት ጀመር። ጣቱን ትንሽ ፈጠን ሲያደርግ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት የእነ ጋሽ ገመቹን ቤት አልፋ ቦይ ውስጥ ትገባለች።

«በዚህ ሙቀት ላብ ይሆናል» ብዬ ታችፓዱን ወለወልኩት። አጥፍቼ አበራሁት። የቀስቷን ፍጥነት ቀነስኩ... ባሰባት፣ ስታዘግም ቆይታ ድንገት ትፈተለካለች። በመጨረሻ ፎቶ ኮፒ ቤት ካላት ጎረቤታችን ከጫልቱ ማውስ ተዋስኩ።

«አባ ካርታ አካም ጅራ?» አለችኝ እየሳቀች፣ እንዴት ነው ማለቷ ነው። የአሁኑ ሰፈራችንም ሁሉ ካርታውን እየጠበቀ ነው።

በማውሱም ያው ሆነ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ታችፓዱም ማውሱም ከዘለሉ ጥፋቱ የእጁ ነው ብዬ ደመደምኩ። አባዬ አርጅቷል፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል... አልኩ በሆዴ። ለሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዝኩለትና «ለጠቅላላ ምርመራ ነው» ብዬ ዋሸሁት።  ፎጣውን ያለበሰው ይህን ከሰማ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ፎጣውን ሳየው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እሱ ግን ተነሳ።

«ሰኞ አይደል ሐኪሙ? እሱ ከማየቱ በፊት እጄን እኔ ልለካው። ሜዳ ላይ ልኬት አልገጥም ሲለን ለክተን ሄደን፣ ለክተን እንመለሳለን። ያኔ የሚዋሸው ማን እንደሆነ ይለያል።»

ከእማዬ የስፌት መኪና ላይ ፎጣውን አነሳ፣ ከመሳቢያዋ ድሮ ሁለቱ የሚለኩባትን የጨርቅ ሜትር አወጣ። ላፕቶፑንም ገልጦ ከፈተና በታችፓዱ ጠርዝ ዘረጋት፣ ጫፏን ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ያዢ፣ አትሳቢ።»

ጫፏን ያዝኩ።

ይቺን ነገር ሲል እማዬ ካረፈች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ወንጂ እያለን፣ መጋረጃም ይሁን የጓሮ ጎመን መደብ ሲለካ ጫፍ የምትይዘው እሷ ነበረች። ሁሌ «ያዢ፣ አትሳቢ» ይላታል። ሁሌ «አንተ ነህ የምትስበው!» ትለዋለች። ጓሮ ቆመው ሲሟገቱ ከፋብሪካው በኩል ይመጣ የነበረው የስኳር ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ናፈቁኝ... ሁለቱም፣ አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ።

አባዬ እንደ ልማዱ ሜትሯን ከዜሮ ሳይሆን ከአሥር ቁጥር ጀመረ። ስክሪኑ መሀል ነጥብ አደረገና በጣቱ አምስት ሳንቲም ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። ቀስቷም ትንሽ ሄደች። ያችኑ አምስት ሳንቲም በፍጥነት ተመለሰ። ቀስቷ ነጥቧን አልፋ ግራው ጠርዝ ላይ ተለጠፈች!

«አሁን አንቺ።»

ሞከርኩ። ተለጠፈች።

«ያንቺንም እጅ ሐኪም ይየው?» አለኝ። «አምስት ሄድኩ፣ አምስት ተመለስኩ። የሚጨምረው መሣሪያው ነው።»

አፈርኩ። ወዲያው ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። ለካ ጣት ፈጠን ሲል ኮምፒውተሩ የረዳ መስሎት ከራሱ ይጨምራል። ሴቲንግ ውስጥ፣ ማውሱንም ታችፓዱንም የምታዝ አንዲት ሳጥን ምልክት ተደርጎባታል። ስሟ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የጠቋሚን ትክክለኛነት አሻሽል»! ምልክቷን አነሳሁባት።

አባዬ ሄደ... ተመለሰ። ቀስቷ ነጥቧ ላይ ቁጭ።

አባዬ እጁን አገላብጦ ብዙ አየው። «ለካ ደህና ነህ» አለው፣ እጁን። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ የሐኪሙን ቀጠሮ በስልክ ሰረዝኩና ትንሽ አለቀስኩ።

ስመለስ የእኛን ቤት ሥሎ ጨርሶ የእማዬን ጎመን መደብ እያሰመረ ነበር። ሜትሯን ልጠቀልል ሳነሳት ለምን ሁሌ ከአሥር እንደሚጀምር ገባኝ። ጫፏ ተለጥጦ የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ከሌሎቹ ይረዝማሉ።

እማዬ በእርግጥም ትስብ ነበር... የግማሽ ሳንቲም ስህተት የማይምረው አባዬ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ሜትሯን አልቀየራትም።